ሳቄ ያስወደዳት ሞተር

የእንስሳት ሐኪም ነኝ። ሀብሩ ውስጥ አንዱን የመሥሪያ ቤት ሞተር ለአምስት ነበር የምንጋራው፤ የታመመች ላም ደግሞ ተራ አትጠብቅም። ሁለት ጊዜ ላም ከሞተች በኋላ ደርሼ ባለቤቶቿን ቀና ብዬ ማየት አቅቶኛል። የራሴን ልገዛ ቆረጥኩ።

መርሳ ላይ አንድ ነጋዴ ሐጂ ያገለገለች ሞተር እንደሚሸጡ ሰማሁ። ቀለል ያለች፣ ቁመቷ ረዘም ያለ፣ አስፋልቱም ድንጋዩም እኩል የሚሆንላት ናት አሉኝ። ከወልድያ መካኒክ ጎረቤቴን ይዤ ሄድኩ። ሚኒባስ ውስጥ ሥራ አከፋፈለን።

"እኔ እንከኗን እዘረዝራለሁ። አንቺ ፊትሽን ኮስተር አድርገሽ ትቆሚያለሽ። ጥርስሽ ከታየ ዋጋዋ አይወርድም።"

እሺ ብዬ ነበር። ሞተሯ ከሐጂ ግቢ እየተገፋች ስትወጣ ግን ከንፈሬን መንከስ ያዝኩ። ቀይ ናት፤ ቀይ! መካኒኩ ጎማዋን ረገጠ፣ ሰንሰለቷን ጎተተ፣ ራሱን ነቀነቀ። ሐጂ መቁጠሪያቸውን እየቆጠሩ የዘረዘረውን እንከን ሁሉ ሰሙት።

"ልጄ፣ እስከ መናኸሪያው ነድተሽ ሞክሪያት" አሉኝ በመጨረሻ።

መናኸሪያውን መቼ እንዳለፍኩት አላውቅም። ሦስተኛ ማርሽ፣ አራተኛ ማርሽ፣ ሻሼ ተፈትቶ በረረ፣ ብቻዬን ጮክ ብዬ እስቃለሁ። ወደ ልቤ ስመለስ ሲሪንቃ፣ ሌላ ከተማ ውስጥ ነኝ! ሰርቃ ሄደች ሳይሉኝ አይቀሩም ብዬ ክው አልኩ፤ ድንጋጤው ራሱ አሳቀኝ።

ስመለስ መካኒኩ ራሱን ይዞ ቆሟል። ሐጂ ሞተሯን ትተው እኔን ያያሉ።

"የት ደረስሽ?"

"ሲሪንቃ፣ ሐጂ። ይቅር ይበሉኝ።"

"አልሐምዱሊላህ፣ በሰላም መጣሽ። ትንሽ ልቀንስልሽ አስቤ ነበር። ግን እንዲህ እያሳቀችሽ እንዴት ብዬ ላርክሳት?"

አንድ ብር አልቀነሱም። ሊብሬውን ከመስጠታቸው በፊት ዱዓ አደረጉልን፤ እኛም ማተባችን አንገታችን ላይ እንዳለ መዳፋችንን ዘርግተን "አሚን፣ አሚን" አልን። ያጠራቀምኩት ሁሉ ሙልጭ ብሎ ሄደ፤ ደስታዬ ግን ልክ አልነበረውም።

መካኒኩን ከኋላ አፈናጥጬ ወደ ወልድያ ተነሳሁ። ከእንግዲህ ከአንቺ ጋር ገበያ አልወጣም ብሎ አኩርፏል። እኔ እዘፍናለሁ። ጥቂት እንደሄድን ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

"እስኪ ትንሽ ጋዝ ጨምሪባት" አለኝ።