የዝናቡ ሰዓት

ነገሩ የሆነው በደርግ ዘመን፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል ነው። እኔ ድመት እንኳ የሚያስደነግጠኝ ሴት ነኝ፤ ያን ቀን ማን እንዳደፋፈረኝ እንጃ። ለዚህ ነው የማልረሳው።

ያኔ አዳሚ ቱሉ አጠገብ በአንድ የእርሻ ጣቢያ የአየር ጠባይ መዝጋቢ ነበርኩ። የዝናብ መለኪያችን ውስጥ ወረቀት የሚጠቀለልበት፣ ጣሳ የሚመስል የናስ ዕቃ አለ። እንደ ግድግዳ ሰዓት በቁልፍ ይሞላና በሳምንት አንዴ ይዞራል፤ ብዕሩም ዝናቡ መቼ እንደጣለ ወረቀቱ ላይ ይጽፋል። እኛ «ሰዓቱ» ነው የምንለው። ሲበላሽ ምትክ ስላልነበረን ናዝሬት ወስጄ አሠራሁት። ሰዓት ሠሪው አቶ ሳልህ ሞልተው ሰጡኝና «እስክትደርሺ ሳያቋርጥ ከመታ ድኗል» አሉኝ።

በአውቶቡስ ስመለስ፣ መቂ ሳንደርስ ኬላ ላይ ፍተሻ ገጠመን። ወታደሩ ቦርሳዬን ከፍቶ ጆሮውን አስጠጋ። ቀጭ፣ ቀጭ ይላል።

«ምንድን ነው?»

«ሰዓት ነው።»

«ታዲያ ቁጥሩ የታለ?»

እንደሌለው ስነግረው ፊቱ አመድ መሰለ። ያለ ቁጥር የሚመታ ሰዓት ሲባል እሱ የተማረው ቦምብ ብቻ ነው። ጮኸ። ተሳፋሪው በበር በመስኮት ወጥቶ ቦይ ውስጥ ተኛ። እኔም ዕቃዬን ይዤ ወረድኩ።

«ወርውሪውና ዞር በይ፤ በጥይት እንመታዋለን!» አለኝ።

«አልወረውርም!»

አፌ አልመለስ አለ። አስፋልቱ ላይ ዘጭ ብዬ ሰዓቱን ታቀፍኩት። «የክረምቱን ዝናብ በምን ልንመዘግብ ነው? ቦምብ ከሆነ መጀመሪያ የምሞተው እኔ ነኝ። ከመታኸውም እኔን ጨምረህ ምታ!»

ጩኸቱን ሰምተው ሃምሳ አለቃው መጡ። ክዳኑን ከፍቼ ጥርሳጥርሱን አሳየኋቸው። ሰዓቱን አዩ፣ እኔን አዩ፣ «ሂጂ» አሉኝ።

ሹፌሩ ግን «ካላስቆምሽው አልጭንሽም» ብሎ በሩ ላይ ቆመ። ተሳፋሪውም ደገፈው።

«አላስቆመውም!» ብዬ ገፍቼው ገባሁ። አጠገቤ የነበሩት ሁሉ ወደ ኋላ ሸሹ። አንድ የመቂ ሽንኩርት ገበሬ፣ ትልቅ ሰው ናቸው፣ መጥተው ቆሙ።

«ልጄ፣ ዝናቡን የሚጽፈው ይሄ ነው?»

«አዎ አባባ።»

አጠገቤ ተቀመጡና «በል ንዳ!» አሉት ሹፌሩን።

በዚያው ሳምንት ዝናብ ጣለ፤ ብዕሩም ቁልጭ አድርጎ ጻፈው። ዛሬ ያ ጠመንጃ ትዝ ሲለኝ ያልበኛል። ጸጸት ግን የለብኝም። ወታደሩ አሁን መጥቶ ቢያዘኝም መልሴ ያው ነው፤ አልወረውርም።