የታችኛው ጎረቤታችን ማስታወቂያዎች

እስራኤል እንደገባን ካኖሩን ካራቫን፣ ከተጎታች ቤቱ ወጥተን ቂርያት ጋት ከተማ ቤት ስንገባ፣ በሕንፃው በር ላይ እንኳን ደህና መጣችሁ ያለን ሰው አልነበረም። ከፖስታ ሳጥኖቹ በላይ ግን አራቱም ጫፉ በሰፊ ፕላስተር የተለጠፈ ወረቀት ተቀብሎናል። ሕንፃው ባለ አራት ፎቅ ነው፤ እኛ ሦስተኛው ላይ ነበርን። ከፊት ለፊታችን እንደኛው ከጎንደር የመጡ አንዲት ባልቴት ከልጃቸው ጋር ይኖራሉ። እመይቴ ነበር የምላቸው። የቀሩትን ጎረቤቶች የማውቃቸው በድምፃቸው ብቻ ነው፤ አንዱ ሲያስል፣ አንዷ ስልክ ላይ ስትጮህ፣ ሌላው ወንበር ሲጎትት። ሰው በሰው ላይ ተደራርቦ፣ አንድ ግድግዳ ተጋርቶ፣ እንዴት አደርክ ሳይባባል ዓመት ከዓመት መኖር እንደሚችል ያየሁት እዚያ ነው። የደረጃው መብራት እንኳ ሰው ይንቃል፤ ማብሪያውን ተጭነን ሁለተኛው ፎቅ ሳንደርስ ድርግም ይላል።

ወረቀቱን የሚለጥፈው ከታች፣ ከመግቢያው ጎን ያለው ቤት ውስጥ የሚኖር ጡረተኛ ነው። ሆዱ ከካናቴራው ያመልጣል። ከጠዋት እስከ ማታ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ወጪ ወራጁን ሲያይ ይውላል። የሕንፃው ቫዓድ፣ ማለትም የኮሚቴው ሊቀ መንበር እኔ ነኝ ይላል፤ ማን እንደመረጠው የሚያውቅ ሰው ግን አላገኘሁም። ዕድሜው አንቱ የሚያሰኝ ነበር። ባሌም «እሳቸው» እያለ ነው የሚጠራው። እኔ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ «እሱ» አልኩት፤ ዛሬም እሱ ነው።

ያን ጊዜ ዕብራይስጥ በአፌ ትንሽ ትንሽ እሞክራለሁ እንጂ ፊደሉን ገና አልለየሁም። ባሌ ግን ካራቫን ሳለን ሦስት ወር ኡልፓን፣ ቋንቋ ከሚያስተምሩበት ቦታ ገብቶ ስለነበር ማንበብ እችላለሁ ባይ ነው። ወረቀቱ ፊት ቆሞ፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ ከንፈሩን አንቀሳቀሰ።

«ምን ይላል?» አልኩት።

«ውሃ ይላል።»

«ውሃ ምን?»

ወደ ወረቀቱ ጠጋ ብሎ፣ «ውሃ ይጠፋል ነው የሚለው» አለ።

ውሃ ይጠፋል ከተባለ የሚደረገውን እናውቃለን። ባልዲ፣ ሳፋ፣ ድስት፣ የመታጠቢያውን ገንዳ ሳይቀር ሞላን። ባሌ የእመይቴን በር አንኳኩቶ ለሳቸውም ነገራቸው፤ እሳቸውም ያላቸውን ዕቃ ሁሉ ሞሉ። በማግስቱ ውሃው አልጠፋም። በሦስተኛውም ቀን እንደ ልማዱ ይወርዳል። ቤቱ ውስጥ መራመጃ ስናጣ፣ ውሃ እንዲሁ ከሚደፋ ደረጃው ይታጠብበት አልኩ። እኔና እመይቴ መጥረጊያ ይዘን ከሦስተኛ ፎቅ ጀምረን በባልዲ እየደፋን ወረድን። ለሰፈሩ ጽድቅ የምንሠራ መስሎን ደስ ብሎናል። ውሃው ታች ደርሶ በጡረተኛው በር ሥር ወደ ሳሎኑ ገባ።

ወጣ። እግሩ ርጥብ ነው፤ ፊቱ ቀይ። በአንድ እጁ ወደ ውሃው፣ በአንዱ ወደ ወረቀቱ እያመለከተ ጮኸ። ከጩኸቱ የገባኝ «ጻፍኩ! ጻፍኩ!» የሚለው ብቻ ነበር። እመይቴ ያመሰገናቸው መስሏቸው፣ «ምንም አይደል፣ ወንድሜ» ብለው ጎንበስ አሉለት። ወረቀቱ ያለው «ደረጃ ላይ ውሃ መድፋት ክልክል ነው» መሆኑን ያወቅሁት ከወራት በኋላ ነው።

ሁለተኛው ወረቀት ከመጀመሪያው በእጥፍ ይተልቃል፤ ቁጥሮችም አሉበት። ባሌ በቁጥሮቹ ልቡ ሞላ። «ከሁለት እስከ አራት ሰዓት ጸጥታ ይላል» አለ። እውነቱን ለመናገር በዚህ አልተሳሳተም። ይህ አገር ከምሳ በኋላ ይተኛል፤ በዚያ ሰዓት ጎረቤት የሚቀሰቅስ ሰው እንደ ነፍሰ ገዳይ ነው የሚቆጠረው። የተሳሳተው ለእመይቴ ሲነግራቸው ነው። እሳቸው የሚያውቁት ሰዓት የአገራቸውን ሰዓት ነው። ከጠዋቱ ሁለት እስከ አራት፣ ሰው ሁሉ ሥራ በሄደበት፣ እግራቸውን እንኳ ሳያሰሙ ቁጭ ይላሉ። ቀጥሎ ምሳቸውን በልተው፣ ልክ ስምንት ሰዓት፣ በነሱ ሁለት ሰዓት ላይ፣ እሱ ራሱን ትራስ ላይ ሲያሳርፍ፣ ከገበያ የገዙትን የብረት ሙቀጫ ወለሉ ላይ አስቀምጠው ቅመም መውቀጥ ይጀምራሉ። ሕንፃው ከሥሩ ይነቃነቃል። ሰውዬው ሆን ተብሎ የተደረገበት መሰለው። በየሳምንቱ አዲስ ወረቀት ይወጣል፤ ፊደሉ እየተለቀ፣ የቃለ አጋኖው ብዛት እየጨመረ።

እኔ የኢንዱስትሪ ቀጠናው ውስጥ ባለ የልብስ ስፌት ፋብሪካ የጠዋት ፈረቃ ገብቼ ነበር። በሳምንት ሁለት ቀን ከሥራ በኋላ ኡልፓን ጀመርኩ። መምህርታችን በእረፍት ሰዓት ሲጋራዋን በሲጋራ የምታቀጣጥል፣ ሃምሳ ዓመት የሚሆናት፣ ለማንም የማታዝን ሴት ናት። «በየመንገዱ የምታዩትን ጽሑፍ ገልብጣችሁ አምጡ» አለችን። ሌላው የአውቶቡስ ማቆሚያውን፣ የዳቦ ቤቱን ገልብጦ ይመጣል። እኔ የጎረቤቴን ወረቀት ወሰድኩላት። ፊደሉን አንድ በአንድ፣ እንዳለ፣ ሥዕል እንደሚገለብጥ ሰው ነው የገለበጥኩት።

መነጽሯን አደረገች፤ አነበበች፤ ሳቀች።

«ማነው የጻፈው?»

«ጎረቤቴ።»

«ስንተኛ ክፍል ነው?»

«ጡረተኛ ነው።»

ቀይ እስክሪብቶዋን አንስታ አሳየችኝ። ጸጥታ በነሱ ሼኬት ነው፤ ሲጻፍ ሦስት ፊደል ብቻ ነው። እሱ ከሦስቱ ሁለቱን ስቷል። በድምፅ አንድ የሚመስሉ፣ በጽሕፈት የሚለያዩ ፊደሎች አሏቸው፤ እኛ ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ እንደምንለው። እኔ ስድስተኛ ክፍል ድረስ ተምሬያለሁ። እሳቱን ሰ እና ንጉሡን ሠ ስላቀላቀልኩ አስተማሪያችን መዳፌን በአለንጋ የለበለበኝን እስካሁን አስታውሳለሁ። ያን አስቤ እጄን አየሁ፤ ቀጥሎ ወረቀቱን። ያ ሰውዬ ለስንት ወር ከነሙሉ ክብሩ ሲጮህብን የኖረው በዚህ ጽሕፈት ነው! የኛ ሰው ከመጠምጠም መማር ይቅደም የሚለው እንዲህ ያለውን አይቶ ነው።

ከዚያ ወዲያ ወረቀቶቹን እንደ መጽሐፍ አነበብኳቸው። አንድም አያመልጠኝም። ከፋብሪካው መኪና ወርጄ መጀመሪያ የማየው እነሱን ነው። ከየትኛውም የኡልፓን መጽሐፍ ይልቅ ፊደል ያስተማረኝ የሱ ንዴት ነው ብል አላጋነንኩም። ቆሻሻ፣ ምንጣፍ፣ ጫጫታ፣ ኮቴ፣ ክልክል፣ ለመጨረሻ ጊዜ። ሌላው ተማሪ «አበባው ቆንጆ ነው» ሲል እኔ «ለመጨረሻ ጊዜ አስጠነቅቃለሁ» ማለት እችል ነበር።

አንድ ቀን ስለ ጸጥታ የጻፈውን እንደገና ለጠፈው፤ እንደገናም ሁለቱን ፊደል ስቶታል። ቀይ እስክሪብቶ ገዝቼ ነበር። ጠዋት ወደ ሥራ ስወርድ፣ ማንም ሳያየኝ፣ ስሕተቶቹን አንድ በአንድ ከበብኩ፤ ትክክለኛውን ከበላያቸው ጻፍኩ። ዘጠኝ ነበሩ። ከሥር እንደ መምህርታችን አድርጌ «ተጨማሪ ልምምድ ያስፈልጋል» የሚል አከልኩበት። ቀኑን ሙሉ የስፌት መኪናዬ ላይ ሆኜ ስስቅ ዋልኩ፤ አለቃዬ ያመመኝ መስሏት ውሃ አመጣችልኝ።

ከሰዓት በኋላ በራችን ተንኳኳ። ወረቀቱን ይዞ ቆሟል። ሦስት ፎቅ ወጥቶ ያለከልካል።

«ይህን ያደረግሽው አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ።»

ይጮኻል ብዬ ተዘጋጅቻለሁ፤ የሚመለስለትንም ቃል ከፋብሪካ ተምሬያለሁ። እሱ ግን ወደ ደረጃው ዞር ብሎ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ብዙ ሰው አይቶታል?»

«ከጠዋት ጀምሮ ተለጥፎ ነው የዋለው።»

ወረቀቱን አራት ቦታ አጠፈው። «ወደዚህ አገር ስንመጣ አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር» አለ። «ከመርከብ እንደወረድን ሥራ አስገቡኝ። ማን አስተማረኝ?»

ማዘን ነበረብኝ። ትንሽ አዝኛለሁም። ግን ያላወቀ ሰው ይጠይቃል እንጂ ግድግዳ ላይ ይለጥፋል? ይህን ልለው ዕብራይስጤ አልበቃም። እሱም ከኪሱ ሌላ ወረቀት አወጣ።

«ይኼስ?» አለኝ።

አዲስ ማስታወቂያ ነው፤ ገና አልተለጠፈም። በር ላይ ጫማ ስለሚያስቀምጡ ጎረቤቶች ይናገራል። በሕንፃው ውስጥ በር ላይ ጫማ የሚያስቀምጥ ከኛ በቀር ማንም የለም። ስናወራ እንኳ አንድ እግሩ የባሌ የሥራ ጫማ ላይ ነበር። እስክሪብቶዬን አምጥቼ፣ በሩን ተደግፌ፣ አምስት ስሕተት አረምኩለት። የገዛ ጫማዬን የሚከስ ወረቀት በገዛ እጄ አስተካክዬ ሰጠሁት። አመሰገነኝ፤ ወረደ።

ባሌ ሳሎን ሆኖ ሰምቷል። «ጠላትሽን ታስተምሪያለሽ?» አለኝ።

«አንተ እኛን መች አስተማርከን?» አልኩት። ሁለት ቀን አላናገረኝም።

ወረቀቱ በማግስቱ ያለ አንድ ስሕተት ተለጥፎ አየሁት። ጫማችንን አላነሳንም። ቢሆንም በዚያ ባለፍኩ ቁጥር አንገቴን ቀና አድርጌ ነበር፤ ምን ያኮራኝ እንደነበር እንጃ። ከዚያ በኋላ እየመጣ ያሳርም ጀመር። ሻሎም ሳይል ወረቀቱን በበሩ ክፍተት ያቀብለኛል፤ አርሜ እመልስለታለሁ። ምንጣፍ ስለ ማራገፍ፣ ስለ ሱፍ ቅርፊት፣ ስለ ኳስ። ሰውዬው ስለ ሰላምታ አንድም ቀን ጽፎ አያውቅም።

የተጣላነው በእመይቴ ነው። በበጋው መጨረሻ እመይቴ ከሕንፃው ፊት ለፊት፣ ፀሐይ በደንብ የሚያገኘው ቦታ ላይ፣ በሰውዬው በረንዳ ሥር ማለት ነው፣ አንሶላ አንጥፈው በርበሬ አሰጡ። ወዲያው ወረቀቱን ይዞ መጣ። አነበብኩት። «የሕንፃው ግቢ ገበያ አይደለም» ይላል፤ ከዚያም ስለ እኛ ሰዎች ልማድ ሁለት መስመር አክሎበታል። መለስኩለት።

«ይህን አላርምም። ሄደህ በአፍህ ንገራቸው።»

«ዕብራይስጥ አታውቅም።»

«ታዲያ ወረቀቱን የምትጽፈው ለማን ነው?»

ጥያቄው አዲስ ነገር ሆነበት። «ለሁሉም» አለና ሄደ። ወረቀቱን ከነስሕተቱ ለጠፈው።

እመይቴ ከክሊኒክ ሲመለሱ አዩት። በሬን አንኳኩ። «የኔ ልጅ፣ ያ ሰውዬ ዛሬ ደግሞ ምን ይላል?»

ሁለቱን መስመር ለራሴ አስቀረሁ። «በርበሬውን አንሱልኝ ነው የሚለው» አልኳቸው።

«ለኔ ነው?»

«ለርስዎ ነው።»

«ታዲያ እዚሁ ቤቱ ሆኖ ለግድግዳ ይነግራል? አፍ የለውም?»

ነጠላቸውን አስተካክለው ወረዱ። ከላይ ሆኜ በሩን ሲያንኳኩ ሰማሁ፤ ከዚያ ድምፃቸውን። በአማርኛ፣ ቀስ ብለው፣ ሽማግሌ ፊት እንደሚናገር ሰው፣ ረጅም ጊዜ ተናገሩ። የሱ ድምፅ አንድም ጊዜ አልተሰማም። ሲመለሱ በር ላይ ጠበቅኋቸው።

«ምን አሉት እመይቴ?»

«ሦስት ቀን ይበቃዋል፣ እስከዚያ ድመት እንዳይተኛበት ከበረንዳዎ ሆነው ይጠብቁልኝ አልኳቸው።» አንቱ ነበር ያሉት።

«ገባው?»

«ለምን አይገባቸውም? ራሳቸውን ነቀነቁ እኮ።»

በማግስቱ ከሥራ ስመለስ ሰውዬው በረንዳው ላይ ቆሞ ድመት ላይ ነጠላ ጫማ ሲወረውር ደረስኩ። ለእመይቴ ብሎ ይሁን ድመት ስለሚጠላ አላውቅም፤ አልጠየቅሁትም፤ እሱም እንዳላየኝ ሆነ። በአራተኛው ቀን እመይቴ በርበሬያቸውን ሰብስበው ወጡ። የበርበሬው ወረቀት ተነስቶ በቦታው ሌላ ተለጥፎ ነበር፤ ድመት መመገብ ክልክል ነው ይላል። አራት ስሕተት ቆጠርኩበት። ቂሜ ገና አልወጣም ነበርና አልነካሁትም፤ አልፌው ደረጃዬን ወጣሁ።