የሕመሟ ስም

ሀብተ ሚካኤል ከጎንደር ድብ ባሕር የሚመላለስ የሚኒባስ ሾፌር ነው። ቃል ሲጣመም ጆሮውን ያሳክከዋል። ከኋላ የተቀመጠ መንገደኛ «ሞተሩ ሞተ» ቢል በመስታወት ያየውና «ጠፋ በል፤ የሞተ አይነሳም፣ ይቺን ግን አሁን አስነሳታለሁ» ይለዋል። «ጎማው ፈነዳ» ለሚልም መፈንዳትና መተንፈስ የተለያዩ መሆናቸውን ሳያስረዳ ክሪኩን አያወርድም። የዳባት መናኸሪያ ረዳቶች «መምሬ መሪ» ይሉታል። ልጅ ሳለ ቅኔ ቤት ገብቶ ሳይጨርስ ወጥቷልና ቀልዱ ትንሽ እውነት አለበት።

ያን ዕለት ጠዋት ግን ማንንም አላረመም። ዳባትን እንዳለፈ ፍሬን ሲይዝ ፔዳሉ ከወትሮው በታች ወረደበት። ደግሞ ረገጠው፤ ያዘ። ከዚያ ወዲያ እግሩ አላርፍ አለ። ሜዳ ላይ፣ የሚሻገር በግ እንኳ ሳይኖር፣ ይረግጣል፣ ይለቃል፣ ይረግጣል። በግራና በቀኝ ገብሱ በነፋስ ይተኛል፣ ይነሳል፤ እሱም ዕረፍት የለውም።

ደባርቅ እንደደረሰ በቀጥታ ወደ ወዳጁ ወደ ያሕያ ጋራዥ ገባ። ሊማሊሞን የሚወርዱ ሾፌሮች አንድ ልማድ አላቸው፤ ቁልቁለቱ ሳይታለፍ የመኪናን ሕመም በስሙ አይጠሩም። ከጠሩት መኪናዋም ትሰማለች፣ ገደሉም ይሰማል ይላሉ። በጣት ያመለክታሉ፤ መካኒኩም ዝም ብሎ ያበጃል። ሀብተ ሚካኤል በዚህ አያምንም። ቢሆንም የፍሬኑ መላላት ወደተሰማው ወገን፣ ወደ ፊተኛው የግራ ጎማ፣ ጣቱን ቀስሮ ዝም አለ። ቆሞ ማየትም አልቻለም፤ እስከ በሩ ይሄዳል፣ ይመለሳል።

ያሕያ ጎንበስ ብሎ አየ። ጎማው እውነትም ነፋስ ጎድሎታል። ሞላለትና በመዳፉ መታ መታ አደረገው።

«ጨረስክ?» አለ ሀብተ ሚካኤል።

«ጨረስኩ። ዛሬ ደግሞ ምነው ቃል ቆጠብክ? ሂድ፣ አላህ ይጠብቅህ።»

ከጋራዡ ሲወጣ ፍሬኑን ሞከረው፤ ያዘ። መናኸሪያ የሚጠብቁትን መንገደኞች ጭኖ ወደ ሊማሊሞ ገሰገሰ። አፋፉ ላይ፣ ከመጀመሪያው መታጠፊያ በፊት፣ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ሰመጠ። አንደኛ ማርሽ አስገባ፤ የእጅ ፍሬኑን ሳበ፤ መኪናዋን ከተራራው ወገን አስጠግቶ በጭንቅ አቆማት። ከወዲያ በኩል ደመናው ከመንገዱ በታች ተኝቷል።

ገበያ ውለው አድረው ወደ ድብ ባሕር የሚመለሱት እማማ ሸጊቱ ከኋላው ተቀምጠው ነበር። «ልጄ፣ ምን ሆነች?» አሉት።

«ትንሽ ደክማ ነው» የሚለው ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሷል። እንዲያ ካለ መንገደኞቹ ሳይወርዱ ይቀመጣሉ፤ እሱም በአንደኛ ማርሽ ቀስ እያለ ሊያወርዳቸው ይሞክራል። ምናልባት ይደርሳሉ። ያሕያ የሞላው ነፋስ ብቻ እንደሆነ አሁን ገባው፤ የሕመሟን ስም ሳይሰማ ሌላ ምን ሊያበጅ ይችል ነበር?

«ፍሬን የላትም፣ እናቴ» አለ። «የፍሬን ዘይቷ ፈሶ አልቋል። ሁላችሁም ውረዱ።»

አንድ ወጣት እዚህ አፋፍ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ይወራል ወይ ብሎ አጉረመረመ።

«የት ያውራው ታዲያ፣ ገደሉ ሥር?» አሉ እማማ ሸጊቱ፣ ዘንቢላቸውን አንስተው ቀድመው እየወረዱ።

ተደውሎለት ያሕያ በባጃጅ ደረሰ። እንደ ልማዱ ጣቱን አንስቶ የቱ ጋ እንደሆነ በዓይኑ ጠየቀ።

«ጣትህን ሰብስብ» አለው ሀብተ ሚካኤል፣ ጎማውን ጎንበስ ብሎ ካየበት እየተነሳ። «የግራ ፊት ጎማ የፍሬን ቱቦ። ተሰንጥቆ ዘይት ያፈሳል።»

ያሕያ መጀመሪያ ገደሉን አየ፤ ከዚያ ከመኪናዋ ሥር ገባ። መንገደኞቹ ድንጋይ ድንጋይ መርጠው ተቀመጡ። ወጣቱ በስልክ ለቤተሰቡ መኪናዋ ፍሬን በጥሳ ልትጨርሳቸው እንደነበር ያወራል።

«አልበጠሰችም» አለው ሀብተ ሚካኤል። «አፈሰሰች በል።»

ፊቱ አልተፈታም። ቀኝ እግሩም እንደ ጠዋቱ ጠጠሩን ይረግጣል፣ ይለቃል፣ ይረግጣል።