ከአጥሬ ሥር የፈለቀው ውሃ

ፍኖተ ሰላም ላይ ፊዚክስ አስተምር በነበረበት ዘመን፣ ሰፈራችን ኮብልስቶን በተነጠፈለት በዓመቱ፣ በዐቢይ ጾም አንድ ጠዋት የአጥሬን በር ከፍቼ ስወጣ እግሬ ጭቃ ውስጥ ገባ። ዝናብ ከጣለ አምስት ወር ሊሆነው ነው። አገሩ ሁሉ ደርቋል። የጎረቤት ፍየሎች እንኳ የሚግጡት አጥተው የአጥር ቅጠል ይቀነጥባሉ። የእኔ ደጅ ብቻ ርሷል። በድንጋዩ መንገድ ጠርዝና በአጥሬ መካከል ባለችው ጠባብ መሬት ላይ ውሃ ድምፅ ሳያሰማ ይመነጫል፤ አጥሬን ታክኮ ቁልቁል ይወርድና እታች ሜዳው ላይ ይጠፋል።

ባለቤቴን ጠርቼ አሳየኋት። እሷ ነርስ ናት፤ ነገር አታስረዝምም።

«ቧንቧ ፈንድቶ ነው» አለችኝ።

«ቸኩለሽ አትደምድሚ» አልኳት።

እኔ ግን ከእሷ ይልቅ ቸኩዬ ነበር። የከርሰ ምድር ውሃ ነው ብዬ ወሰንኩ። የመሬቱን አቀማመጥ፣ የአለቱን ንጣፍ፣ የግፊቱን አቅጣጫ በወረቀት ሣልኩ። ሥዕሉ ስላማረኝ የአሥረኛ ክፍል ተማሪዎቼንም ከሰሌዳ አስገለበጥኳቸው። አንድ ሳምንት ሙሉ መምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ ስለዚሁ ከማውራት በቀር ሥራ አልነበረኝም። ያን ጊዜ የቧንቧ ውሃ በፈረቃ ነበር፤ በሳምንት ሁለት ቀን ይለቀቃል፣ በቀሩት ቀናት ከባዶ ጀሪካን ጋር እየተያየን እንውላለን። በሳምንቱ መጨረሻ ባለቤቴ ልብስ እያጠበች፣ ቀና እንኳ ሳትል፦

«ይኼ የከርሰ ምድር ውሃህ ፈረቃ ያውቃል እንዴ? ቧንቧ ሲመጣ ይበዛል፣ ቧንቧ ሲሄድ ይቀንሳል» አለችኝ።

በማግስቱ ልብሴን ቀይሬ ዶማ ያዝኩ። ቧንቧ ከሆነማ የኛው ቧንቧ ነው ብዬ፣ ከቆጣሪው ጀምሬ እስከ ማድ ቤቱ ድረስ ግቢውን ሰነጠቅኩት። የባለቤቴ የጎመን መደብ በመንገዱ ላይ ነበረ፤ አለፍኩበት። ሁለት የጌሾ እግርም ነበረ፤ እነሱንም ነቀልኳቸው። ሦስት ቀን ቆፍሬ ያገኘሁት ደረቅ አፈር ውስጥ በሰላም የተኛ ደኅና ቧንቧ ነው። ጉድጓዱ ውስጥ ቆሜ ላቤን ስጠርግ ነው ቆጣሪው ውሃ የሚቆጥር ነገር መሆኑ ትዝ ያለኝ። ውሃ በመጣ ቀን የቤቱን ቧንቧ ሁሉ ዘጋሁና በርጩማ አምጥቼ ቆጣሪው ፊት ተቀመጥኩ። አንድ ሰዓት ሙሉ አፍጥጬ አየሁት። ንቅንቅ አላለም። ውጭ ግን ውሃው ይፈሳል።

ገብቼ ለባለቤቴ አበሠርኳት። «ከኛ ቤት አይደለም። በሳይንስ አረጋግጫለሁ።»

«ቆጣሪው ይህን የሚያውቅ ከሆነ፣ ጎመኔን ለምን ጠየቅኸው?» አለችኝ።

ከቤታችን ፊት ለፊት አንዲት አሮጊት መነኩሴ ይኖሩ ነበር። እማሆይ እንላቸዋለን። ጠዋት ጠዋት ከደጃፋቸው ከድንጋይ ላይ ይቀመጡና ዳዊታቸውን ይደግማሉ፤ ገጽ ሲገልጡ ደግሞ መንገዱን ያያሉ። በመንገዱ ላይ የሚያመልጣቸው ነገር የለም። ውሃው ከፈለቀ ወዲህ ሰላምታችን እንዲህ ሆነ።

«እማሆይ፣ እንዴት አደሩ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ውሃውስ እንዴት አደረ?»

«እየፈሰሰ ነው።»

«ይፈሳል እንጂ ልጄ። በጨርቅ ጠቅልለው የቀበሩት መነሣቱ አይቀር። አልዓዛርስ መግነዙን እንደለበሰ አይደል የወጣ?»

ጾም ነው፤ መነኩሴ ናቸው፤ ስብከት መሰለኝ። «ልክ ነዎት እማሆይ፣ ጾሙን በሰላም ያስፈጽመን» ብዬ አለፍኩ። በሌላም ቀን አሉኝ፣ በሦስተኛውም ቀን አሉኝ። ዕድሜ ገፍቷቸው ነው፣ አንድ ነገር ይደጋግማሉ ብዬ አዘንኩላቸው።

ከዚያ ወደ ቀበሌ ሄድኩ። የቀበሌያችን ሊቀመንበር ለሁሉም ነገር ስብሰባ የሚጠራ ሰው ነበር። ለውሃውም ጠራ። የሰፈሩ ሰው ከቀበሌው አዳራሽ አግዳሚ ላይ ተደርድሮ ሁለት ሰዓት ተኩል ተወያየ። ሊቀመንበሩ የውሃው መፍሰስ የመልካም አስተዳደር ችግር መሆኑን አስረዳ። አንዱ የአመለካከት ችግር ነው አለ። ሌላው ደግሞ በአንድ ለአምስት አደረጃጀት ተወያይተንበት ከታች ይምጣ አለ። ውሃው ከታች መምጣቱን ግን ማንም አላነሣም። በመጨረሻ ኮሚቴ ተቋቋመ፤ እኔም ጸሐፊ ሆኜ ተመረጥኩ። ሁልጊዜም የምመረጠው ጸሐፊ ሆኜ ነው፤ የእጅ ጽሕፈቴ ያምራል። መንገዱ ኮብልስቶን ሲነጠፍም የኮሚቴው ጸሐፊ እኔ ነበርኩ።

ኮሚቴው የቧንቧ ሠራተኛ ጠራ። በብስክሌት መጣ፤ ሸበት ያለ፣ ዝምተኛ ሰው ነው። ከብስክሌቱ ላይ አንድ ክንድ ተኩል የሚሆን የፌሮ ብረት ፈታና አንዱን ጫፍ ድንጋዩ ላይ፣ ሌላውን ጫፍ ጆሮው ላይ አድርጎ መንገዱን ከላይ እስከ ታች አዳመጠው። ሐኪም የታማሚ ደረት እንደሚያዳምጥ ነው። ሳቄ መጥቶ ነበር፤ በኋላ ሳስበው ግን ከእኔ ሥዕል ይልቅ የእሱ ፌሮ ፊዚክስ ነበረ።

«ከዚህ እስከዚያ ባለው መሀል ነው» አለ፣ ዐሥር እርምጃ ያህል እያሳየ። «ሁሉም ድንጋይ ተያይዞ ስለሚያስተጋባ ትክክለኛዋ ቦታ አልለይ አለችኝ። አስነሡልኝና በአንድ ቀን እጨርሰዋለሁ።»

«አንተው አታነሣውም?»

«የእኔ ሥልጣን ከድንጋዩ በታች ነው» አለኝ።

ከድንጋዩ በላይ ያለው ሥልጣን ደግሞ ሊቀመንበሩ ጋ ነበር። «የተመረቀ መንገድ አይፈርስም» አለኝ። «እንግዳ ተጠርቶ፣ ሪባን ተቆርጦ የተመረቀ ነው። የፈሰሰበት ቦታ በትክክል ከታወቀ አንድ ሁለት ድንጋይ በደብዳቤ ሊነሣ ይችላል።»

«ቦታው እንዲታወቅ እኮ ድንጋዩ መነሣት አለበት።»

«እንግዲያ ቦታውን አሳውቁ።»

ይህንን በቃለ ጉባኤ አሰፈርኩት። ባማረ ጽሕፈት።

ሁለት ሳምንት እንዲሁ አለፈ። ደጄ ላይ ሣር በቀለ፤ በከተማው ውስጥ የቀረ አረንጓዴ ነገር እሱ ብቻ ነበረ። ባጃጆች ቆመው ይታጠቡበት ጀመር። በዚህ መሀል ከቡሬ የልምድ ልውውጥ ቡድን ኮብልስቶናችንን ሊጎበኝ መጣ። ሊቀመንበሩ ቀድሞ ሁለት ጋሪ አሸዋ አስደፋበት፤ አሸዋው ግን እንግዶቹ ሳይደርሱ ረጠበ። ከቡሬዎቹ አንዱ፣ ጥሩ ጫማ ያደረገ ሰውዬ፣ ጎንበስ ብሎ አየና «ይኼስ ምንድን ነው?» አለ።

«አቧራ እንዳያስቸግር ሕዝቡ ጠዋት ጠዋት መንገዱን ውሃ ያጠጣል» አለ ሊቀመንበሩ።

«በዚህ በበጋ?»

«ተነሳሽነቱ ከፍተኛ ነው።»

ሰውዬው ማስታወሻው ላይ ጻፈው። ቡሬዎችም ይህን ልምድ ቀምረው እንደሆነ እስካሁን አላውቅም። እኔ ጸሐፊው ከሊቀመንበሩ ጎን ቆሜ በአዎንታ ራሴን እነቀንቅ ነበር። ከመንገዱ ማዶ እማሆይ ዳዊታቸውን ከድነው ያዩናል።

ያን ቀን ምሳ ላይ ሽሮ እየበላን፣ እማሆይ ሦስት ጊዜ ስለ አልዓዛር ነገሩኝ ብዬ ለባለቤቴ እያሳቅኩ ነገርኳት። እሷ ግን አልሳቀችም። የጠቀለለችውን ጉርሻ መልሳ ሳህኑ ላይ አደረገችው።

«እስቲ ቃሉን እንዳሉት ንገረኝ።»

ነገርኳት።

«በጨርቅ ጠቅልለው የቀበሩት» አለች ቀስ ብላ። «አንተ፣ እማሆይ ስለ አልዓዛር አይደለም የሚያወሩት። ቧንቧው ነው በጨርቅ ተጠቅልሎ የተቀበረ። አይተዋል ማለት ነው። ለምን በግልጽ አይነግሩህም? ምን አድርገሃቸዋል?»

«ምንም» ልል አፌን ስከፍት ነገሩ መጣብኝ። መንገዱ ሲነጠፍ፣ ከምርቃቱ በፊት በነበረው ቀን፣ እኔ መዝገብ ታቅፌ ከሠራተኞቹ መሀል ወዲያ ወዲህ ስል እማሆይ ጠርተውኝ ነበር። መቋሚያቸውን ተደግፈው «አንተ ልጅ፣ ቧንቧውን በዶማ ወጉት እኮ። ሳይሠሩት አፈር እያለበሱት ነው» አሉኝ። እኔም፣ እንዲህ ስል እሰማዋለሁ አሁንም፣ «እማሆይ፣ ነገ ምርቃት ነው፤ ልማት አያደናቅፉ። እርስዎ ጸሎትዎን ይያዙ» አልኳቸው። ሄጄም አላየሁ። እሳቸው ጸሎታቸውን ያዙ። እኔ ረሳሁት።

ምሳዬን ሳልጨርስ ተሻገርኩ። ነጠላዬን አስተካክዬ እግራቸው ሥር ጎንበስ አልኩ።

«እማሆይ፣ በድያለሁ። ይማሩኝ።»

«ምን በደልህ?»

«ያን ጊዜ ጸሎትዎን ይያዙ ያልኩዎት።»

«ያዝሁ እኮ» አሉ። «ደኅና ምክር ነበር።» ፊታቸው ላይ ቁጣ አልነበረም፤ ደስ ያላቸው ይመስሉ ነበር፣ ይህ ደግሞ ከቁጣው ባሰብኝ። «ሦስት ጊዜ ነገርሁህ። አስተማሪ ነህ ብዬ ነበር ቶሎ ትፈታዋለህ ያልሁ።»

«የፈታችውስ ባለቤቴ ናት።»

«እሷማ ልጅ ናት» አሉና፣ በጎጃም ቤት ይህ ትልቅ ሙገሳ ነው፣ ተነሡ። መንገዱን ተሻግረው፣ ድንጋዮቹን አንድ በአንድ ሳያዩ፣ መቋሚያቸውን አንዲት ጠቆር ያለች ድንጋይ ላይ አሳረፉ። «እዚህ» አሉ። ተመልሰው ቁጭ አሉ።

በማግስቱ ቅዳሜ ገበያ ነው። ሊቀመንበሩ ወረዳ ስብሰባ ሄዷል። የቧንቧ ሠራተኛውን አስጠራሁት፤ መጥቶ ደብዳቤ አለ ወይ አለኝ። የለም አልኩት። ብስክሌቱን አዙሮ ሊሄድ ሲል ባለቤቴ ከግቢ ዲጅኖ ይዛ ወጣች።

«ሥልጣንህ ከድንጋዩ በታች ነው አይደል?» አለችው። «በላይ እኔ አለሁ።»

ዲጅኖውን ከጥቁሯ ድንጋይ ጎን ሰካች፣ ተጫነችው፤ ድንጋይዋ እንደበሰበሰ ጥርስ ወጣች። ከዚያ በኋላ እኔም አፈርኩና ገባሁበት። ከገበያ የሚመለሰው ሰው አህያውን እያቆመ ያየናል። ስድስት ድንጋይ አነሣን፣ አንድ ክንድ ቆፈርን፤ ቧንቧው ተገኘ። በጎማ ከመነዳሪና በጨርቅ ተጠቅልሏል። ዓመት ሙሉ ይዞ ይዞ በስብሷል፣ ውሃው በየክሩ ይተፋል።

ሠራተኛው ጨርቁን ፈትቶ ጭቃውን ውሃው ላይ አጠበውና ዘረጋው። ፊደል አለበት። ቀይ ቀለም፣ ያማረ ጽሕፈት። «...ችን ይቀጣል» ይላል።

የማን ጽሕፈት እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለገኝም። ለምርቃቱ «ልማታችን ይቀጥላል» ብዬ ባነር እንድጽፍ ታዝዤ ነበር። ጨርቁ ጫፍ ላይ ቦታ አጠረኝ፣ ቸኮልኩ፣ «ጥላ»ን በአንድ «ጣ» አሳጠርኩት፤ «ልማታችን ይቀጣል» ሆኖ አረፈው። ሊቀመንበሩ ሲያይ ፊቱ ዐመድ መሰለ፤ ማንም ሳያየው አጥፋው አለኝ። እኔ ደግሞ ለሠራተኞቹ ሰጥቼ እንዲጥሉት ነገርኩ። ጥለውታል፤ የጣሉት ግን ቧንቧው ላይ ነው።

ባለቤቴ መሬት ላይ ተቀምጣ እስክታለቅስ ሳቀች። ዝምተኛው የቧንቧ ሠራተኛም ፊቱን አዙሮ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁት። የተበሳውን ቆርጦ አዲስ መጋጠሚያ አስገባ፣ አጠበቀ፣ ውሃው ቆመ። ድንጋዮቹን መለስን። አንደኛዋ ግን እንደ ቀድሞዋ አልገጠመችም፤ ብቅ ብላ ቀረች።

ሊቀመንበሩ ከወረዳ ሲመለስ ይቆጣል ብዬ ነበር። ደጄ መጣ፣ ደረቁን መሬት አየ፣ ብቅ ያለችውን ድንጋይ በጫማው ነካ አደረጋት፣ ከዚያ ትከሻዬን ያዘኝ።

«ኮሚቴው ውጤታማ ሆኗል ማለት ነው» አለ። «ሪፖርት ጻፍ።»

እምቢ ማለት ነበረብኝ። ያን ሁሉ ካየሁ በኋላ፣ እማሆይ እግር ሥር ከጎነበስኩ በኋላ፣ እምቢ የምል መስሎኝ ነበር። ጻፍኩ። ችግሩ «በሕዝብ ንቅናቄና በኮሚቴው ያልተቋረጠ ክትትል» መፈታቱን በሁለት ገጽ ገለጽኩ። ስለ ጨርቁ አንድ ቃል አልነበረበትም። በሚቀጥለው ስብሰባ ተነበበ፣ ተጨበጨበ፤ እኔም አጨበጨብኩ።

እማሆይ ወሬው ደርሷቸው ኖሮ በሳምንቱ ጠርተው «የጻፍኸውን አንብብልኝ» አሉኝ። ቅጂው ቦርሳዬ ውስጥ ስለነበር ከጎናቸው ቁጭ ብዬ ከአርእስቱ እስከ ፊርማው አነበብኩላቸው። ዳዊት እንደሚሰማ ሰው ዐይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝ።

«እኔስ የት ላይ አለሁ?» አሉኝ ስጨርስ።

ወረቀቱን አገላበጥኩ። «'ሕዝብ' የምትለዋ ውስጥ ነዎት፣ እማሆይ።»

አሰቡበት።

«ተጣበብን አይደል?» አሉና ዳዊታቸውን ገለጡ።