ያልጠየቅናቸው ሰዎች ቃል

ቢሮ ስትገባ ሃያ ሦስት ዓመቷ ነበር። ቁመቷ አጭር፣ ክርክር ከገጠመች ደግሞ የመጨረሻዋን ቃል ሳትናገር የማትቀመጥ ስለሆነች «አራት ነጥብ» አልናት። ስሙን ያወጣሁላት እኔ ነኝ። በውሃ መሥሪያ ቤታችን የሕዝብ ግንኙነት ክፍል ከእኔ ፊት ለፊት ያለው ጠረጴዛ ተሰጣት። ነርስ ከሆነች ታላቅ እህቷ ጋር በአንዲት ክፍል ትኖር ነበር፤ አንዷ ከሥራ ስትገባ ሌላዋ ትወጣለች።

ሥራችንን ለማያውቅ ሰው ልንገር። እኛ ዜና የምንጽፈው ነገሩ ከመሆኑ በፊት ነው። ሪባኑ ነገ የሚቆረጥ ከሆነ «ተመረቀ» ብለን ዛሬ እንጨርሳለን። መጨረሻው ላይ አንዲት የአካባቢው እናት «ደስታችን ወሰን የለውም» ይላሉ። እኚህን እናት በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ስንቴ እንዳስደሰትኳቸው እግዜር ይቁጠረው፤ ዓይናቸውን ግን አይቼ አላውቅም።

አራት ነጥብ በስድስተኛ ወሯ፣ በሌሎች መሥሪያ ቤቶች ካሉ ስድስት የዚሁ ሙያ ጀማሪዎች ጋር ሆና አንድ ወረቀት አዘጋጀች። «ያላናገርነውን ሰው ቃል አንጽፍም» ይላል፤ በቃ። ሰባቱም ፈርመው ለየአለቆቻቸው ሊሰጡት ነው። ለእኔም አመጣችው።

«ጋሼ፣ አንድ የቆየ ሰው ቢፈርምልን እኮ ልጆች ናቸው ብለው አይንቁንም።»

«ልጄ፣ ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ። ጡረታዬ ሦስት ዓመት ነው የቀረው።»

«እኛ መቼ ከሰስን? አንዋሽም ነው ያልነው።»

ወረቀቱን ሳልፈርም መለስኩላት።

ብዙም ሳይቆይ የአንድ የሕዝብ ቦኖ ምርቃት ዜና እሷ ላይ ወደቀ። እንደ እኛ ተቀምጣ አልጻፈችውም፤ በዋዜማው ሁለት ታክሲ ቀያይራ ቦኖው ድረስ ሄደች። ባዶ ጀሪካን የያዙ እናት አግኝታ ጠየቀቻቸው። ያሉትን እንዳለ ጻፈችው፦ «ውሃውን ለምርቃቱ ቀን ብቻ ነው የሚለቁት አሉ። እኛ እንደሆንን ወንዝ መውረዱን አልተውንም።»

ኃላፊያችን አንብቦ ጠራት። በሩ ክፍት ስለነበር ሁሉንም ሰማሁ።

«ይህችን አውጫትና የተለመደውን አስገቢ።»

«የተለመደውን ማን አለ?»

«አንቺ ነሻ! ለዚህ አይደል የተቀጠርሽው?»

«እኔማ ቤቴ ውሃ አለኝ» አለች።

በሳምንቱ አሰናበቷት። ዕቃዋን ስትሰበስብ ቀና ብላ አየችኝ፤ አንድ ነገር እንድል የጠበቀች መሰለኝ። እኔ ዓይኔ ላይ ያለውን መነጽር እፈልግ ነበር። ፈሪ ነኝ፣ ምን ይደረግ።

ይኸው ሁለት ወር ሆነ። ጠረጴዛዋ ላይ የድሮ ባነር ተከምሮበታል። ሳላስበው ቀና ብዬ «አይደለም እንዴ?» እላለሁ፤ የሚከራከረኝ ሰው የለም። ትናፍቀኛለች። የምትናፍቀኝ እሷ ብቻም አይደለችም፤ በሃያ ሦስት ዓመቴ መሆን ሲገባኝ ያልሆንኩት ሰውም ይናፍቀኛል።

ዛሬ ጠዋት ኃላፊው ወደ እኔ መጣ። የመባረሯ ወሬ ሌሎች መሥሪያ ቤቶች ስለደረሰ፣ በመጽሔታችን ላይ አንድ ነገር መውጣት አለበት።

«በራሷ ፈቃድ ለቀቀች ይበሉ። መጨረሻው ላይ ‹ለተደረገልኝ ሁሉ አመሰግናለሁ› ብላለች ብለው ይዝጉት።»

ሁለት መስመር ጽፌ እጄ አልሄድ አለኝ። በሃያ ሁለት ዓመት ሥራዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ስልክ አንስቼ፣ ቃሏን ለምጽፍላት ሰው ደወልኩ፤ ለአራት ነጥብ።

«ጋሼ! ደህና ነዎት?»

«ስለ አንቺ ልጽፍ ነው። ምን አለች ልበል?»

እስክሪብቶዬን አዘጋጀሁ።

«አባረሩኝ ብላለች ይበሉ» አለች። ቀጥሎ ድምጿ ተሰበረ። «ደግሞ ሥራዬ ናፍቆኛል ብላለች ይበሉ። በጣም ናፍቆኛል።»

እንዳለ ጻፍኩት። ከሥሩ ሙሉ ስሜን ጽፌ ፈረምኩና ወደ ኃላፊው ክፍል ይዤው ገባሁ።