ከተቆለፈው ስልክ የሚደወል

ቡታጅራ የተመደብኩበት መሥሪያ ቤት አንድ ስልክ ብቻ ነበረው፤ እሱም እስረኛ ነበር። በእንጨት ሳጥን ውስጥ ተቀምጦ እጀታው ብቻ ወደ ውጭ ብቅ ብሏል፤ ቁጥሮቹ ተከድነው ክዳኑ ላይ ጓጉንቸር ተንጠልጥሎበታል። ከውጭ ሲደወል አንስቶ ማነጋገር ይቻላል፤ ከውስጥ ግን ያለ ቁልፍ መደወል የለም። ያኔ ይህ ማንንም አይገርምም ነበር። የመንግሥት ስልክ ካልታሰረ አገር ምድሩ ይደውልበታል ይባል ነበር። ቁልፉን የሚይዙት ጸሐፊያችን ናቸው፤ የዚያው አገር ተወላጅ የመስቃን ሰው፣ ከእናቴ በዕድሜ ትንሽ ዝቅ የሚሉ ሴትዮ። እኔ እትዬ ነበር የምላቸው።

እኔ የጎጃም ልጅ ነኝ። ሥራዬ ገጠር ለገጠር እየዞርኩ በየቤቱ ስንት አጎበር እንዳለ መመዝገብ ነበር። ለዚሁ ሥራ መዳፍ የምታህል የእጅ ኮምፒውተር ተሰጠችን፤ በቀጭን ብዕር የሚጻፍባት፣ ቀጠሮና ስልክ ቁጥር የምትይዝ። ለሥልጠና ወልቂጤ ተጠርተን ሳለ ከአዲስ አበባ የመጣው አሠልጣኝ በነፃ የሚገኙ ተጨማሪ ፕሮግራሞች ጫነልን። አንዷ የስልክ መደወያ ነበረች። ከሰው ስም አጠገብ ትንሽ የስልክ ሥዕል ታስቀምጣለች፤ ሥዕሏን በብዕሩ ነካ ሲያደርጓት መሣሪያው የቁጥሮቹን ድምፅ ተራ በተራ ያሰማል። ያን ድምፅ ከስልክ እጀታው መነጋገሪያ ላይ ካስጠጉት፣ ስልኩ ጣት የነካው መስሎት ይደውላል።

«ይቺ እንኳ እዚህ ብዙም አትጠቅማችሁም፤ ግን ነፃ ናት፣ ትቀመጥ» አለ አሠልጣኙ።

የሠለጠነው ሰው ሁሉ ወዲያው ረሳት። እኔ ግን ያቺ ሳጥን ናት ዓይኔ ላይ ድቅን ያለችው። እጀታው እንደሆን አልተቆለፈም።

በእጅ ኮምፒውተሯ ውስጥ የመዘገብኳቸው ስሞች አራት ናቸው፦ አሠልጣኙ፣ የወረዳው ኃላፊ፣ የእናቴ ጎረቤት የሆነው ባለሱቅ፣ እና የራሴ መሥሪያ ቤት። የመጨረሻውን ያስገባሁት ዝርዝሩ በጣም እንዳያጥር ብዬ ነው። የአጎበር መመዝገቢያ ቅጾቹ ቢሮ ስለሚያድሩ የበሩ ቁልፍ እኔ ዘንድ ነበር፤ አንድ እሑድ ረፋድ ላይ ገባሁና መጀመሪያ የራሴን ቢሮ በራሴ ቢሮ ስልክ ደወልኩ። ሰው እንዳልረብሽ ብዬ ነው። ተይዟል አለኝ። ብቻዬን ሳቅሁ፤ ሳቄ በባዶው ክፍል ሲሰማኝ ደግሞ ደነገጥኩ።

ቀጥሎ ባለሱቁን ሞከርኩ። መሣሪያዋን ከመነጋገሪያው ጋር አጥብቄ ስይዛት በሦስተኛው ጠራ። «ከግማሽ ሰዓት በኋላ ደውል፣ እናትህን አስጠራታለሁ» አለኝ። ያን ግማሽ ሰዓት ወንበር ላይ ቁጭ አላልኩም። ከዚያ ወዲያ እናቴ እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ የሱቁ አግዳሚ ላይ ተቀምጣ ትጠብቀኝ ጀመር። ስርቆት መሆኑ አልጠፋኝም። ሁልጊዜ ቶሎ ነበር የምዘጋው፤ ይህ ግን እሑድ በመጣ ቁጥር ከመደወል አላገደኝም።

ስልክ ቤት ሄጄ በወግ መደወል እችል ነበር። ነገር ግን እሑድ ዝግ ነው፤ በሥራ ቀን ደግሞ ተራ የሚጠብቅ ሰው ጀርባ ላይ ቆሞ ይሰማል፤ እኔ የምነግራት ነገር ደግሞ በሰው ፊት የሚነገር አልነበረም። ውሸት ነበርና። ቡታጅራ ስመደብ እናቴ አገሩን አታውቅ፣ ሰው አታውቅ ብላ አልቅሳለች። እንደገና እንዳታለቅስ ብዬ ስልኩ የኔ ነው አልኳት፤ ጠረጴዛዬ ላይ ያለ፣ ስፈልግ የማነሳው። ምሳ ከባልደረቦቼ ጋር በአንድ ትሪ እንደምበላ፣ ቤቴ ሰው እንደማይጠፋው ነገርኳት። እውነቱን ብናገር፣ ከሥራ ከወጣሁ ጀምሮ እስኪነጋ ከሻይ ቤቱ አሳላፊ በቀር ማንንም ሳላናግር ያደርኩባቸው ቀናት ይበዛሉ። ያቺ የእሑድ ስልክ ከሌለች አፌ አማርኛ ይረሳ ይሆን እያልኩ በራሴ እቀልድ ነበር። ቀልዱን የሚሰማኝ አልነበረም እንጂ።

ሁለተኛው ዓመት ላይ አረፋ ደረሰ። በቡታጅራ አካባቢ ለአረፋ ሙስሊሙ ሁሉ ወደየመንደሩ ይገባል፤ ከአዲስ አበባም ከየትም ይመጣል፣ ከተማው ጭር ይላል። እትዬ ገና ሳምንቱ ሳይጋመስ ጠረጴዛዬ ድረስ መጡ።

«ዘንድሮ አረፋን እኛ ጋ ትውላለህ።»

«እ... እትዬ፣ አመሰግናለሁ...»

«ሥጋው ካሳሰበህ አትጨነቅ። ክርስቲያን ጎረቤቶች አሉን፣ ለእንግዳ ለብቻው በነሱ እጅ ይታረዳል፣ ድስቱም ለብቻው ነው። እሱም ከቀረብህ ቆጮው አለ፣ አይቡ አለ። ወላሂ ጦምህን አታድርም።»

ሥጋው በርግጥ አሳስቦኝ ነበር፤ በአገሬ የሌላውን እምነት ሥጋ መብላት እንደ ቀላል ነገር አይታይም። ለዚያም መላ ሲያበጁልኝ ደግሞ ሌላ ፍርሃት መጣብኝ። በሰው በተሞላ ቤት መሃል ተቀምጬ ምን እንደማወራ አላውቅም ነበር። «እንግዳ ይመጣብኛል፣ ከአገር ቤት» አልኳቸው። ለእናቴ ስዋሽ የሠለጠነ አፌ ምንም አልተደናቀፈም። እትዬ ትንሽ አዩኝና «ኢንሻ አላህ፣ በሰላም ይምጡልህ» ብለው ሄዱ።

አረፋ ቅዳሜ ዋለ። መብራት ከሐሙስ ጀምሮ ጠፍቶ ነበር። እኔ ቤቴ ተጋድሜ ነበርኩ፤ ከመንገዱ ባሻገር ከወዲያ ወዲህ የሚሄደው አዲስ ልብስ የለበሰ ልጅ ድምፅ ይሰማኛል። እሑድ ረፋድ ላይ ቢሮ ሄጄ መሣሪያዋን ስከፍት አልነቃ አለች፤ ኃይሏ ተሟጧል። ሰኞ ከሰዓት መብራት ሲመጣ ሰካኋት። ነቃች፤ ግን ገና ከካርቶን እንደወጣች ያህል በብዕሩ እዚህ ንካ፣ እዚያ ንካ ትለኝ ጀመር። ጨርሶ ኃይል ሲያልቅባት የያዘችውን ሁሉ እንደምትረሳ ወልቂጤ ነግረውን ነበር፤ እኔ ነኝ ልብ ያላልኩት። መደወያዋ የለችም። አራቱ ስሞችም የሉም። የባለሱቁን ቁጥር በቃሌ አላጠናሁት፤ የጻፍኩባትን ወረቀት ደግሞ ወደ መሣሪያዋ ከገለበጥኩት በኋላ ጥያታለሁ። ለእናቴ የመሥሪያ ቤቱን ቁጥር ሰጥቻት አላውቅም፤ ብትደውል ማን ምን ብሎ እንደሚመልስላት ፈርቼ። አግዳሚው ላይ ተቀምጣ የሱቁን ስልክ ስታይ ታየችኝ። ከዚያ በላይ ብቸኝነት የተሰማኝ ቀን ትዝ አይለኝም።

ረቡዕ እትዬ ከመንደር ሲመለሱ ሳጥኗ አጠገብ ቆሜ ጠበቅኋቸው። ስለ መደወያዋም፣ ስለ እሑዶቹም፣ ስለ እናቴም አንድም ሳላስቀር ነገርኳቸው። ስለ አረፋው እንግዳ ብቻ ዝም አልኩ። ይስቃሉ ወይም ይቆጣሉ ብዬ ነበር። እሳቸው ግን ከፋቸው።

«ቁልፉን ጠይቀኸኝ መቼ ከለከልኩህ?» አሉ።

ከዓመት በላይ መቆለፊያውን ማታለያ ስፈልግ ቁልፉን መጠየቅ አንድም ቀን አልመጣልኝም ነበር። ሳጥኑን ከፈቱ፤ የስልክ ቁጥር መረጃ ወደሚሰጡት የቴሌ ሰዎች ደውለው የባለሱቁን ስም እየጠየቁኝ ቁጥሩን አወጡና ራሳቸው ደወሉልኝ።

«ኧረ የት ጠፋህ!» አለ ባለሱቁ። «እሑድ እስክዘጋ ድረስ ተቀምጣ ነበር። ሰኞም መጣች፣ ትናንትም። ይኸው አሁንም እዚሁ ናት።»

እናቴ አላለቀሰችም። ደህና መሆኔን ሦስት ጊዜ ጠየቀችኝ። እኔም ቢሮው በሥራ ተጨናንቆ፣ እንግዳ በዝቶብኝ ብዬ ጀመርኩ።

«ተው ልጄ» አለች። «አንድም እሑድ ከኋላህ የሰው ድምፅ ሰምቼ አላውቅም። ቤቱ ሰው የማይጠፋው ሰው እንዲህ ፀጥ አይልበትም።»

ለካ ይሄን ሁሉ ጊዜ እያወቀች ነው የሰማችኝ። እትዬ ፊቴን አይተው «እናትህ ደህና ናቸው?» አሉ።

«ማናት?» አለች እናቴ። «አቅርብልኝ።»

እጀታውን ሰጠኋቸው። ሁለቱ ተዋውቀው የማያውቁ ሴቶች ከብቱንም ዝናቡንም ልጆቻቸውንም ሳይቀር ተጠያየቁ። እትዬ አልሐምዱሊላህ እያሉ ቆይተው፣ ከዚያ እኔን ሳያዩ «አይ፣ አያስቡ እናቴ፤ አረፋንም እኛ ጋ ነው የዋለው፣ ሰው ይዞት ነው ያልደወለው» ሲሉ ሰማሁ። ፊቴ ጋለ።

እጀታውን ሲመልሱልኝ እናቴ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጠየቀችኝ።

«ዋሸችልህ፣ አይደል?»

«አዎ» አልኳት።

«እኔ ሩቅ ነኝ። እውነቱን ብትነግረኝም ባትነግረኝም መጥቼ ምሳህን አላቀርብልህም። እሷ ግን አጠገብህ ናት። እኔን ብትዋሸኝ ግድ የለም፣ እሷን አትዋሻት።»

ስልኩን ዘጋሁ። እትዬ ወደ ታይፕራይተራቸው ተመልሰው ወረቀት እያስገቡ ነበር። ወደ ጠረጴዛቸው ተጠጋሁና፣ «እትዬ፣ አረፋ ለት እንግዳ አልመጣብኝም ነበር» አልኳቸው።