ለጊፋታው ዘፈን የመታሁት ቤዝ

ቤዝ ጊታር የገዛሁት ሠላሳ ስምንት ዓመት ሲሞላኝ ነው። በዚያ ዕድሜ ሌላው ሰው ቦታ ተመርቶ ቤት ይሠራል፣ ወይም የስኳር ምርመራ ይጀምራል። እኔ ሶዶ ከተማ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት የሰው ኃይል ባለሙያ ነኝ፤ ቀኑን ሙሉ የሌሎችን የዓመት ፈቃድ ስቆጥር እውላለሁ። ማንም ቤዝ ምታ አላለኝም። ተማሪ ሳለሁ ጊታር ሞክሬ ስድስቱ ክር በዝቶብኝ ትቼው ነበር፤ ቤዝ አራት ብቻ እንዳለው ሳይ ግማሹን መንገድ የጨረስኩ መሰለኝ።

የቤዝ ጓደኛዬ ቦዲቲ ከተማ ሒሳብ የሚያስተምር ሰው ነው። የተዋወቅነው ቴሌግራም ላይ፣ እንደኛ ያሉ ትርፍ ጊዜያቸውን በቤዝ የሚያሳልፉ ሰዎች በሚጨቃጨቁበት አንድ ግሩፕ ውስጥ ነው። ከአዲስ አበባም ከሐዋሳም ሰው አለበት። እኔና እሱ በአንድ መንገድ ላይ፣ በሚኒባስ አጭር ጉዞ ብቻ ተራርቀን እንደምንኖር ሳናውቅ ሁለት ሳምንት ሙሉ ስለ ክር ውፍረት ተከራክረናል። ከተገናኘን በኋላ ሥራ ተከፋፈልን፤ እሱ ስለ ሙዚቃ ንድፈ ሐሳብ ያወራል፣ እኔ ስለ ዕቃ። ቅዳሜ ጠዋት ከቦዲቲ ይመጣል፣ ቤዙን ከከረጢቱ ያወጣል፣ ክሮቹን ይቃኛል፣ ጭኑ ላይ ያጋድመዋል፤ ከዚያ እስከ ምሳ እናወራለን። ባለቤቴ አንድ ቅዳሜ በሩ ላይ ቆማ ለረጅም ጊዜ ካየችን በኋላ፣ "ይኼ ነገር ድምፅ አለው ወይስ ለማቀፍ ነው?" ብላናለች።

ለቀረጻ ዕቃ ቤታችንን ያዝኩት። ላፕቶፕ ነበረኝ፤ ሳውንድ ካርድ ከአዲስ አበባ አስመጣሁ፤ የቀረኝ ድምፅ የሚያፍን ግድግዳ ነበር። ግሩፑ ውስጥ አንዱ ስፖንጅ ለጥፉ ብሎ ስለመከረ፣ ገበያው አጠገብ ፍራሽ ወደሚሸጡት ሐጂ ሄጄ አራት የስፖንጅ ፍራሽ አስወረድኩ።

"እንግዳ መጣባችሁ?" አሉኝ።

"አይ ሐጂ፣ ግድግዳ ላይ ልለጥፈው ነው።"

ትንሽ አሰቡ። "በቁማችሁ ነው የምትተኙት?" አሉና ገመድ ፈልገው አሰሩልኝ።

ቤዝ በኬብል ቀጥታ ላፕቶፑ ውስጥ እንደሚገባ፣ ማይክ እስከሌለ ድረስ ፍራሹ ለምንም እንደማይጠቅም የገባኝ ለጥፌ ከጨረስኩ በኋላ ነው። ክረምቱ ገብቶ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ እንኳ ሰበብ ላደርገው አልቻልኩም። የሚበላሸው ቀረጻ ሁሉ የሚበላሸው በእኔ ነበር።

በዚያው ክረምት የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ቤታችን መጣ። ቤሌ ከተማ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነው፤ ከሥራው ጎን ይዘፍናል፣ ድምፁም የምር ጥሩ ነው። ለጊፋታ፣ ለወላይታ የዘመን መለወጫ፣ በወላይትኛ አዲስ ዘፈን ሠርቶ ነበር። የሚቀረጸው እዚሁ ሶዶ፣ ፎቶ ኮፒ ቤት ያላት አንዲት ወጣት ዘንድ ነው። ፊት ለፊት መታወቂያ ኮፒ ታደርጋለች፣ ጓዳዋ ውስጥ ኪቦርድ ትጫወታለች፣ ዘፈን ታቀናብራለች። አማቼ ፍራሽ የለበሰውን ዕቃ ቤት አየ፣ እህቱን አየ፣ ከዚያ እኔን አየኝና፣ "እንግዲህ ቤዙን አንተ ትመታልኛለህ" አለ። የይሉኝታ ንግግር መሆኑን ዛሬ አውቃለሁ። ያን ዕለት ግን የተመረጥኩ ነው የመሰለኝ።

አሥራ አንድ ቀን ፈጀብኝ። የመጀመሪያው ሳምንት ያለቀው በክርክር ነው። ጓደኛዬ ዘፈኑ በየትኛው ቅኝት እንደሆነ ካላወቅን አንድ ኖት መንካት የለብንም አለ፤ ከአራቱም ቅኝቶች ጋር አስተያይቶ ሦስት ገጽ ሞላና በመጨረሻ ዘፈኑ ራሱ ሳይሳሳት እንዳልቀረ ደመደመ። እኔ ደግሞ ክር ልቀይር አልቀይር እያልኩ ግሩፑን ድምፅ አስጠሁ። ከዚያ አርባ ምናምን ጊዜ ቀረጽኩ። የማውቀውን ሁሉ አስገባሁበት፤ የማላውቀውንም ትንሽ ጨመርኩ። በአውራ ጣት መምታት አለ፣ ከላይ እስከ ታች መንሸራተት አለ፣ ዘፋኙ ትንፋሽ በሚወስድበት ቦታ ሁሉ እኔ አለሁ። በፍላሽ ይዤ ፎቶ ኮፒ ቤት ወስጄ ስሰጣት፣ ልጅቷ፣ "እሺ ጋሼ፣ እሰማዋለሁ" አለችኝ። እሰማዋለሁ ነው ያለችው። እኔ የሰማሁት አስገባዋለሁ ብላ ነው።

የጊፋታ ዕለት ቦዲቲ፣ የባለቤቴ ቤተሰቦች ቤት ተሰበሰብን። ጓደኛዬም የከተማው ሰው ስለሆነ ተጠርቷል። ሥጋው ቀርቧል፣ ዳጣው ቀርቧል፣ ቅቤው እንደ ውሃ ይፈሳል። አማቼ ስፒከሩን መስኮቱ ላይ አስቀመጠና ዘፈኑን ከፈተ።

እውነት ለመናገር ጥሩ ነበር። ከበሮው ገባ፣ ቀጥሎ ከሥር ወፍራም፣ ረጋ ያለ ድምፅ እየተራመደ መጣ። ደረቴ ሞላ። ከመታሁት ያነሰ መስሎኝ ነበር፤ ግን ስታቀናብረው አርማው ይሆናል ብዬ አለፍኩት። ጣቶቼ ጉልበቴ ላይ መምታት ጀመሩ። ሰው ሁሉ እንዲያይ ዓይኔን ጨፈንኩ።

የባለቤቴ እናት በወላይትኛ አንድ ነገር ጠየቁኝ፤ የአንተ የትኛው ነው ማለታቸው ነው።

"ያ ከሥር ዱም ዱም የሚለው ነው፣ እማዬ።"

"እሱ ከበሮው አይደለም?"

"ከበሮው ሌላ ነው። ይኼ መሠረቱ ነው። ይኼ ባይኖር ቤቱ ይፈርስ ነበር" አልኳቸው። በአክብሮት ራሳቸውን ነቀነቁ።

ጓደኛዬ የያዘውን ሥጋ ሳህኑ ላይ መለሰ። "ሦስተኛው ስንኝ ላይ ከመነሻው ኖት ወደ አምስተኛው ሄድክ" አለኝ በዝግታ። "ከዚያ ዝም አልክ። ይኼን ዝምታ ከየት አመጣኸው?"

"ሲበስሉ ነው የሚመጣው" አልኩት።

ባለቤቴ ወንድሟን አየችው። ወንድሟ ሥጋውን አየ። ሁለቱንም ስሜት የነካቸው መስሎኝ ነበር።

በሚቀጥለው ቀን፣ የፈቃድ ጥያቄ ጠረጴዛዬ ላይ ተከምሮ፣ ዘፈኑን ግሩፑ ላይ ለጠፍኩ። ከሥሩም ረዘም ያለ ማብራሪያ ጻፍኩ። ይህን ድምፅ ያገኘሁት ክሮቼን ዓመት ሙሉ ባለመቀየሬ ነው፤ ጀማሪዎች ኖት ማብዛት ይወዳሉ፣ እኔ ግን ማሳነስን የተማርኩት በብዙ ድካም ነው፤ እንዲህ እንዲህ እያልኩ። ብዙ ሰው አመሰገነኝ። ከሐዋሳ አንዱ፣ "ወንድሜ፣ እንድንማርበት ቤዙን ብቻ ለይተህ ላክልን" አለ። በምሳ ሰዓት ወደ ፎቶ ኮፒ ቤቱ በእግሬ ገሰገስኩ።

ልጅቷ ለአንድ ሽማግሌ መታወቂያ ኮፒ እያደረገችላቸው ነበር።

"ቤዙን ብቻ ለይተሽ ትሰጪኛለሽ?" አልኳት።

"የቱን ቤዝ ጋሼ?"

"የኔን ነዋ።"

እጇ ማሽኑ ላይ ቆመ። "ጋሼ፣ የእርስዎ እኮ አልገባም። አልነገሩዎትም እንዴ?"

"ታዲያ ዘፈኑ ላይ ያለው ምንድን ነው?"

ግራ እጇን ትንሽ ከፍ አድርጋ አሳየችኝ። በቀኟ ዜማውን ስትጫወት፣ በግራዋ ኪቦርዱ ላይ የቤዙን ድምፅ መታዋለች። ያላመንኩ ስለመሰላት፣ የእኔን ፋይል ፈልጋ ከዘፋኙ ድምፅ ጋር ከፈተችው። ቆመን ሰማን። ኮፒያቸውን የሚጠብቁት ሽማግሌም ሰሙ።

"ሁለት ዘፈን ነው አንድ ላይ የተከፈተው?" ብለው ጠየቁ።

ልጅቷ ቶሎ ዘጋችው። "ጣትዎ ጥሩ ነው ጋሼ" አለችኝ፤ ቃል ስትመርጥ ይታየኛል። "ግን ዘፋኙ አፉን ሳይከፍት ቤዙ ወሬውን ይጨርሰዋል።"

ያን ዕለት ወደ ቢሮ ስመለስ ከተማው በሙሉ ያወቀ ነበር የሚመስለኝ። የባጃጅ ሾፌር ክላክስ ሲያደርግ እንኳ ለእኔ ነው አልኩ። ቤት ስገባ ባለቤቴ ስኳር ድንች እየላጠች ነበር።

"መቼ ነው ያወቅሽው?" አልኳት።

ምን እንደሆነ አልጠየቀችኝም። "ከበዓሉ በፊት።"

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"ወንድሜ እነግረዋለሁ አለኝ። በኋላ ስጠይቀው፣ አንቺ የነገርሽው መስሎኝ አለ።" አንድ ድንች ልጣ ጨረሰች። "ደግሞ ያን ቀን ዓይንህን ጨፍነህ ጉልበትህን ስትመታ ሳይህ አሳዘንከኝ። ደስ ብሎሃል፣ ይደሰት አልኩ። ቴሌግራም ላይ ትጽፈዋለህ ብዬ አላሰብኩም።"

ለአማቼ ደወልኩ። "ላም እያዋለድኩ ነው፣ መልሼ እደውላለሁ" አለኝ። መልሶ የደወለው ከአራት ቀን በኋላ ነው። እንዲህ ያለ ረጅም ምጥ ሰምቼ አላውቅም።

ቅዳሜ ጓደኛዬ ሲመጣ ከበር ሳይገባ ነገርኩት። ቤዙን እንደተሸከመ ቆሞ ሰማኝ።

"ሦስተኛው ስንኝ ላይ ወደ አምስተኛው የሄደው አንተ አይደለህም?"

"አይደለሁም።"

"ዝምታውስ?"

"እሱም የሷ ነው።"

"ትንተናዬ ግን ትክክል ነው" አለ። ከዚያ ከረጢቱን ሳያወርድ፣ "ታስተምር ይሆን?" ብሎ ጠየቀኝ። በእኔ ጭንቅላት ውስጥ ሳምንቱን ሙሉ ያልመጣ ሐሳብ ነበር። እኔ እንዴት ፊቷን እንደማላይ ነበር የማስበው።

ወደ ልጅቷ ከመሄዳችን በፊት ግሩፑ ላይ እውነቱን ጻፍኩ። ሁለት መስመር ብቻ ጻፍኩ፤ ማሳነስን እንግዲህ ያን ጊዜ ተማርኩ። ሦስት ሰው ሳቀ። የሐዋሳው ሰውዬ ደግሞ፣ "ኪቦርዱ ምን ዓይነት ነው?" ብሎ ጠየቀ፤ እስከ ማክሰኞ ስለ ኪቦርድ ሲከራከሩ ሰነበቱ። እኔን ማንም አላስታወሰኝም። መጀመሪያ ደስ አለኝ፣ በኋላ ትንሽ ከፋኝ።

ልጅቷ ቅዳሜ ከሰዓት ሱቁን ከዘጋች በኋላ አንድ ሰዓት ልትሰጠን ተስማማች። የመጀመሪያውን ቀን ሁለት ኖት ሰጠችንና ከበሮውን ከፈተችልን። "ይኼንኑ አምስት ደቂቃ ይምቱ፤ ሌላ ምንም አይጨምሩ።" ሁለት ኖት ነው ብዬ ናቅኩት። ሁለተኛው ደቂቃ ላይ እጄ ሳላዝዘው አንድ ጌጥ ጨመረ። "ጋሼ" አለችኝ፣ ተግሣጽ ሳይመስል። እንደገና ጀመርን። ጓደኛዬ ምቱን ጮክ ብሎ ይቆጥር ነበር፤ የሒሳብ አስተማሪ እስከ ስድስት መቁጠር ሲጠፋው በዓይኔ አየሁ። ከሁሉ የከበደኝ ግን፣ "እዚህ ጋ ምንም አይምቱ" የምትለው ቦታ ነው። ክሩን በመዳፌ አፍኜ ስቆም፣ ሥራ ፈትቼ ስብሰባ ላይ የተያዝኩ ያህል አፍራለሁ።

አራት ወር እንዲህ ሄድን። በጥር አማቼ ቦምቤ ከተማ በዘመድ ሠርግ ላይ ሲዘፍን፣ ኪቦርዱን ልጅቷ፣ ቤዙን እኔ ያዝኩ። የጠየቀኝ እሱ አይደለም፤ እሷ ናት ይምጡ ያለችው። እሱ ስልክ ላይ፣ "እሺ፣ እሷ ካለች" አለ። ድንኳኑ ውስጥ ከስፒከሩ ኋላ ቆሜ ሦስት ሰዓት ያህል መታሁ። የሰጠችኝን መታሁ፣ አትምታ ያለችኝ ቦታ አልመታሁም። ሰው ጨፈረ፣ አቧራው ተነሣ፣ ማንም ወደ እኔ ዞሮ አላየም። ላቤ እስከ ወገቤ ወረደ።

ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ባለቤቴን፣ "እንዴት ነበርኩ?" አልኳት።

"ዘፈኑ ጥሩ ነበር።"

"ቤዙስ?"

"እውነቱን ልንገርህ? አልሰማሁትም። እየጨፈርኩ ነበር።"

ጓደኛዬ ለቤዝ መቺ ከዚህ የበለጠ ምስጋና የለም ይላል፤ በዚህ ጉዳይ ላይ አንድ ሙሉ ቅዳሜ አውርቷል። እኔ ግን አላስቻለኝም። በማግስቱ የድምፅ ማጉያውን ላከራየን ሰው ደውዬ፣ የእኔ ኬብል ተሰክቶ እንደነበር ጠየቅኩት።

"የቱ ኬብል?" አለኝ።

"የቤዙ።"

ጥቂት አሰበ። "ተሰክቷል፤ እኔ ራሴ ነኝ የሰካሁት" አለ። አመስግኜው ስልኩን ዘጋሁና ለባለቤቴ ልነግራት ወደ ጓዳ ገባሁ።